አክስቴ አፏ እንጂ ልቧ አልተያዘም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አክስቴን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም፣ አፏም ይተሳሰራል። ጡረታዋ የሚገባበትን ቀን ግን ከሁላችንም ቀድማ ታውቃለች፤ ብር የተበደራትንም ሰው አትረሳም፣ እኔን ጨምሮ።

ባለፈው ወር ከልጇ ጋር ባንክ ሄደች። ፊርማዋ ከድሮው ጋር አልገጥም አለ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ እሷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ለልጇ «ከፍርድ ቤት ሞግዚትነት አምጣ» አለው።

ቤት ውስጥ ወዲያው የጠበቃ ፍለጋ ተጀመረ። ክፋት የለበትም፣ ግራ ገብቷቸው ነው። ግን ምን ልንጠይቅ እንደሆነ ማንም ልብ አላለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር አይችልም ተብሎ በፍርድ ከተከለከለ፣ እሱን የሚጠብቅ አሳዳሪና ንብረቱን የሚያስተዳድር ሞግዚት ይሾሙበታል፤ እንደ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኑዛዜ መናዘዝ የለም፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባትም የለም። እኔን ያስደነገጠኝ አንቀጽ 351 ነው። ክልከላው ለራሱ ለሰውየው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊወሰን ይችላል። በቁሟ ያለች ሴት!

ያው ሕግ ግን ዳኛው ክልከላውን እንዲያጠበውና አንዳንድ ነገር ሰውየው ራሱ እንዲያደርግ እንዲፈቅድ መንገድ ትቷል። ይህን ማንም አልነገረንም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 12 ላይ አገሮች ሰው ራሱ እንዲወስን የሚያስፈልገውን ድጋፍ እንዲሰጡት ያዛል። እርግጥ ራሱን ጨርሶ ለሳተ ሰው ሌላ መላ ያስፈልግ ይሆናል። አክስቴ ግን ያጣችው ቃል እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ባንኮች ይህን ለይተው እንዲያዩልን፣ ጥያቄውንም ለተከታዩ ሳይሆን ለባለ ደብተሩ እንዲያቀርቡ ነው የምለምነው።

እኛ በመጨረሻ ክሱን ትተን ውክልና ለማስጻፍ ሄድን፤ በልክ የተጻፈ፣ ለጡረታዋ ብቻ። ውክልናውን የምትመዘግበው ሹም ልጁን ከክፍሉ አስወጥታ፣ ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ጡረታሽን ያውጣልሽ? ራሷን ዝቅ አደረገች። የቤት ኪራዩንስ ይቀበልልሽ?

«እ-እ!» አለች።

ልጇ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ