የመብራቶቻችንን ሽቦ መቀየር በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር መጀመሪያ አንስቶ ማንኛውም የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መብራት ሽቦው፣ የአምፖል መያዣውና ስፒናው ሳይቀየር ከሱቃችን እንዳይወጣ በመወሰናችን፣ የዚህም ወጪ ከ85 ዶላር ጀምሮ በዋጋው ላይ በመታከሉ ብዙዎቻችሁ እንዳዘናችሁ ሰምተናል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀብድ ከፍላችሁ ስትጠባበቁ የነበራችሁ ደግሞ ጭማሪውን ዕቃውን ልትወስዱ በመጣችሁበት ቀን መስማታችሁ ተገቢ አልነበረም፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጠውም፤ ምክንያቱንም በዝርዝር ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከእኔ ጋር የሚሠራው ወጣት ባለ ሦስት ክንድ የነሐስ መብራት ላይ አምፖል ሲያስገባ ኤሌክትሪክ ይዞት ከመሰላል ወደቀ። ከእጅ ወለምታ በቀር አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መብራቱን ፈትቼ ሳየው ክንዱ በሚታጠፍበት ቦታ የሽቦው ጎማ ደርቆ ተፈርፍሯል፤ መዳቡም ነሐሱን ነክቷል። ያ መብራት በማግስቱ ሦስት ትንንሽ ልጆች ወዳሉበት ቤት ሊሄድ ተጠቅልሎ የሚጠብቅ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ በመጋዘናችን ያሉትን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የብዙዎቹ አሮጌ ስፒና በግራም በቀኝም ስለሚገባ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ (ፌዙ) በመያዣው መሃል ላይ ባለው ነጥብ መምጣት ሲገባው አምፖሉ በሚጠመዘዝበት ብረት ላይ ሊመጣ ይችላል። አምፖል የሚቀይር ሰው ጣቱ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ይህን አይቼ ዝም ብዬ ልሸጥላችሁ አልችልም።

አንዳንዶቻችሁ «ሽቦው ከተነካ ዋናው ዕቃ አይደለም» ብላችኋል። ይህን የምትሉት ዕቃውን ስለምትወዱት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን የእነዚህን መብራቶች ሠሪዎች ሥራ በቅርብ ያየ ሰው ልባቸው ያለው ሽቦው ላይ እንዳልሆነ ይረዳል። ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው፣ ሰው በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀመጥ አምፖሉ ዓይኑን እንዳይወጋው፣ ብርሃኑም ከቆብ ወደ ቆብ እየተንጸባረቀ ለስልሶ እንዲወርድ ነው። በ1958 ያወጣው ፒኤች 5፣ ስሙን ከ50 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ ያገኘው መብራት ማለቴ ነው፣ የተወለደው የአምፖል ፋብሪካዎች ቅርጹንና መጠኑን በየጊዜው እየለወጡ ስላስቸገሩት፣ የትኛውም አምፖል ቢገባበት የሚሠራ መብራት ለማግኘት ሲል ነበር። በአሜሪካም ከኦገስት 2023 ወዲህ የተለመደው የክር አምፖል ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት የሚስማማ ኤልኢዲ መርጠን፣ አምፖሉ ሠሪው ባሰበለት ከፍታ ላይ እንዲያርፍ መያዣውን እናስተካክላለን። ለእኔ ለሄኒንግሰን ታማኝ መሆን ማለት ይህ ነው። የተነሣውን አሮጌ ሽቦና መያዣ ደግሞ አንጥለውም፤ በፖስታ አድርገን ከመብራቱ ጋር እንሰጣችኋለን።

ስለ ዋጋው «ነጋዴ ሰበብ አያጣም» የሚል መልእክት ደርሶኛል። ለአሥራ ስምንት ዓመት በስሙ ከማውቀው ደንበኛ የመጣ ስለሆነ እንዳላነበብኩ ሆኜ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራው ምን ያህል እንደሚያደክም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፦ ጣሊያናዊዎቹ ወንድማማቾች አኪሌና ፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ በ1962 የሠሩት አርኮ የተባለ የወለል መብራት ሽቦው የሚያልፈው በተቆለመመው የብረት ክንድ ውስጥ ነው። አዲሱን በአሮጌው ጫፍ ላይ አስረን ቀስ እያልን እንስባለን፤ አሮጌው መሃል ላይ ከተበጠሰ ክንዱ ክፍል በክፍል ይፈታል፣ የአንድ ቀን ሥራም ይሆናል። መሠረቱ 65 ኪሎ ያህል እብነ በረድ ነው። ሠሪዎቹ አስበው ቀዳዳ ስለተዉለት፣ እኔና ባለቤቴ የመጥረጊያ እንጨት አስገብተንበት ለሁለት ተሸክመን ስንት ደረጃ እንደወጣን ቤታቸው ያደረስንላቸው ያውቃሉ። ከአውሮፓ የማስመጫው፣ የኢንሹራንሱና የሱቁ ኪራይ ሁሉ ጨምሯል፤ ይህን ሁሉ ግን በእናንተ ላይ አልጫንም፤ የጫንነው የሽቦውን ሥራ ብቻ ነው።

እኔ በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ኤሌክትሪክ ተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። እዚህ አገር በገዛሁት የመጀመሪያ መብራት፣ ከአንድ ግቢ ሽያጭ በ15 ዶላር ባገኘሁት የአሜሪካዊው ዲዛይነር የጆርጅ ኔልሰን ክብ መብራት ሥር፣ እኔና ባለቤቴ የዚህን ሱቅ ሒሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍን። ኔልሰን ያንን መብራት በ1940ዎቹ መጨረሻ የፈጠረው በሐር የተሸፈነ የስዊድን መብራት አምሮት ዋጋው ስለከበደው ነው። በሽቦ ቅርጽ ላይ ፕላስቲክ በመርጨት ርካሹን መንገድ አገኘ። ስለዚህ ዋጋ ሲከብድ የሚሰማችሁ ስሜት ለእኔ እንግዳ አይደለም። በዚህች ሱቅ ዓመት ሙሉ ገበያ ጠፍቶ ከቆጠባችሁት እየገዛችሁ ያቆማችሁን እናንተ መሆናችሁንም አልረሳም፤ አሁንም እንዳትርቁን እለምናችኋለሁ።

ቀብድ የከፈላችሁ የእጅ ሥራ አትጠየቁም፤ ከጭማሪው የምትከፍሉት የሽቦውን፣ የመያዣውንና የስፒናውን ዋጋ ብቻ ነው። ካልተስማማችሁ ቀብዳችሁ ሳይጎድል ይመለሳል። ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ካላችሁ ሽቦውን ስንቀይር ለ220 ቮልት የሚሆን መያዣና ስፒና እንድናደርግላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ለዚህ ተጨማሪ አንጠይቅም። ከዚህ በፊት ከእኛ የገዛችኋቸውን መብራቶችም ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ እንፈትሻለን፤ አምፖሉን አውጥታችሁ፣ ቆቡን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አምጡልን።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ