ለአባባ፣ ከሐሙስ በፊት

አባባ፣ እንደምን አደሩ?

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ፣ የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መብራት ሄዷል፣ በሻማ ነኝ። ወንድሜ ነገ ምሳዎን ሲያመጣ ከፔርሙሱ ጋር ይሰጥዎታል። አልጋዎ አጠገብ ስቀመጥ አንደበቴ ይታሰራል።

ላሟ ትናንት ሌሊት ወለደች፤ ጥጃው ወንድ ነው። እትዬ እንገር አስቀምጠውልዎታል፣ ሐኪሙ ከፈቀደ።

ቅዳሜ «ሥራሽ ምንድን ነው? በአማርኛ ንገሪኝ» ሲሉኝ የልጆቹን ትምህርት ቤት አወራሁና አመለጥኩ። አሁን ልመልስልዎ።

የማጠናው ጋዝ ነው፤ የኩራዙን ሳይሆን የሰማዩን። ጋላክሲ የሚባሉት ግዙፍ የከዋክብት መንደሮች እንደ ወይን ዘለላ በመቶና በሺህ ሆነው ይሰባሰባሉ። በመካከላቸው ባዶ የሚመስለውን ቦታ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ስስ ጋዝ ሞልቶታል፤ ክብደቱ ከዘለላው ከዋክብት ሁሉ ይበልጣል። ብርሃኑ ራጅ ነው፣ ሰኞ ደረትዎን የተነሱበት ያው ጨረር። የምድር አየር ስለሚያግደው እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እንኳ አያገኙትም። የሚያነሳልን በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ወደ ጠፈር የወጣው ቻንድራ የተባለ ቴሌስኮፕ ነው።

ሁለት ዘለላዎች ሲጋጩ ጋላክሲዎቹ ተራርቀው ስለሚኖሩ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ጋዙ ግን ማለፊያ የለውም። ፊት ለፊት ይላተማል፣ ይታመቃል፣ ይብሱን ይግላል፣ ከጋላክሲዎቹም ወደ ኋላ ይቀራል። 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) «ጥይት» የሚሉት ዘለላ አለ፤ ትንሹ ትልቁን ሰንጥቆ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ጋዝ የገፋበት ጠርዝ በፎቶው ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ ይታያል።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ፐርሲየስ የሚባለውን ዘለላ ነው። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ትንሽ ዘለላ አጠገቡ አልፎ ነበር፤ ጋዙ እስከ ዛሬ ይናወጣል። 200,000 የብርሃን ዓመት የሚሆን፣ የእኛን ጋላክሲ እጥፍ የሚያህል ማዕበል ይታይበታል። ይህን ለሰው ሳስረዳ የማነሳው የእማዬን የወተት መናጫ ቅል ነው። ነቅንቃ ስታቆመው ወተቱ ውስጥ ውስጡን ይላወስ አልነበር?

አባባ፣ ያ ቅል የት ገባ?

እትዬ ከልጆቻቸው ጋር የመጡ ሰሞን ከበረቱ ኋላ ተጥሎ አገኘሁት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አቅፌው ስቆም እርስዎ አዩኝና «አስቀምጪው» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከቀብሩ ስምንት ወር አልሞላም ነበር። ማንም ማንንም አልተሳደበም፤ ማታ በአንድ ገበታ በላን። ከዚያ ወዲህ ግን ከእርስዎ ጋር ማውራት ተሳነኝ። እትዬን አልወቅስም፤ ዛሬ ስንቅዎን የሚቋጥሩት እሳቸው ናቸው። የማዝነው በእርስዎ ነው። ሰዎች ሊመጡ ነው ብለው አንድ ቀን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበር?

ሁለት ላም ሸጠው የአውሮፕላን ትኬቴን እንደገዙም አልረሳሁም።

የግፊት ኪኒኑን ትራስዎ ስር ሲደብቁ ነርሷ አይታዎታለች። እባክዎ ይዋጡት። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ተገኝተዋል፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት እስከ በሩ ድረስ እጅዎን ይዤ እመጣለሁ። ስለ ቅሉ ግን ከዚያ በፊት ቢነግሩኝ እወዳለሁ። በአፍዎ ከከበደዎት ከዚህ ወረቀት ጀርባ ይጻፉልኝ፤ እስክሪብቶ ከፔርሙሱ ጋር አስሬልዎታለሁ።

ልጅዎ