ቅርብ ስለሆነ አናፖሊስ አልኩ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ላይ የኮሌጅ ክፍያ ምሬት በተነሳ ቁጥር አንዱ ወላጅ ብድግ ይልና "ልጆቻችንን ወታደራዊ አካዳሚ እናስገባ፣ ነፃ ነው" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። አሁን ልጄ ገብታ አይቼዋለሁና ትንሽ ልናገር።

ነፃ የሚባለው ነገር ይጣራ። ትምህርቱ፣ ማደሪያውና ምግቡ በመንግሥት ነው፣ ትንሽ የወር ክፍያም አለ። ሂሳቡ የሚመጣው ኋላ ነው። ሲመረቁ ቢያንስ 5 ዓመት በመኮንንነት ማገልገል አለባቸው፤ የአየር ኃይል ፓይለት የሚሆንማ የበረራ ሥልጠናውን ከጨረሰ በኋላ 10 ዓመት ይቆጠርበታል። ሦስተኛ ዓመት ከመጀመሩ በፊት ሐሳቡን ቀይሮ ለሚወጣ ግን የአገልግሎት ዕዳ የለበትም፣ ይህን ሳውቅ ትንሽ ተንፈስ ብያለሁ። እንግዲህ ዲግሪውን የትም ቢገቡ ያገኙታል። ልጁን መጠየቅ ያለብን በ22 ዓመትህ የት ማደር ትፈልጋለህ ብለን ነው፤ ጭቃ ውስጥ ከእግረኛ ጋር ነው፣ መርከብ ላይ ነው፣ ወይስ አየር ኃይል ጣቢያ?

እኔ ይህን አልጠየቅኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ የባሕር ኃይሉ አካዳሚ ያለበት አናፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፣ በየሳምንቱ እንጀራ አደርስላታለሁ ብዬ በልቤ ጨርሼ ነበር። ኋላ ስሰማ ፕሊብ ሰመር በሚሉት የመግቢያ ሥልጠና ሰባት ሳምንት ገደማ ስልክ እንኳን በቁጥር ነው። እንጀራዬን ማን ሊያስገባልኝ! ደግሞ ልጅቷ ባሕር አይሆንላትም። አንዴ ቼሳፒክ ላይ በጀልባ ስንሄድ ፌስታሏን እንዳቀፈች ነው የጨረሰችው። "እማ፣ አንቺ እኮ ጂፒኤስ አይተሽ ነው የመረጥሽልኝ" አለችኝ።

እሷ የፈለገችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለውን የአየር ኃይሉን ነበር። እኔ ደግሞ የስም ነገር ያዘኝ። የምድር ጦሩ ዌስት ፖይንት እ.ኤ.አ. ከ1802፣ አናፖሊስ ከ1845 ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመ ልጅ ነው። አባቷ ግን ቦታው 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን ሲሰማ "ምን አላት፣ የሸገር ደም ነው፣ ትንፋሽ አያጥራትም" ብሎ ፎከረ፣ ሜሪላንድ መወለዷን ረስቶ። እዚያው ገባች፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግን እያለከለከች ነው የሮጠችው።

ዕድር ላይ ደግሞ "ልጅሽን ለጦር ሰጠሽ?" የሚሉኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ አፈሳ በመጣ ቁጥር እናቴ ታላቅ ወንድሜን ቆጥ ላይ ትደብቀው ነበር። ወታደር የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ያ ቆጥ ነው የሚመጣብኝ። ልጄ ግን ማንም አላፈሳትም፣ አመልክታ፣ ተፈትና፣ ተወዳድራ ነው የገባች። አጎቴ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ናቸው፤ ምክር ስጠይቃቸው ስለ ትምህርት ቤቶቹ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ "ሰው ማዘዝ ትወዳለች?" አሉኝ። ታናሽ ወንድሟን 15 ዓመት ሙሉ ስታዝዝ ኖራለች አልኳቸው። ሳቁና "በይ እንግዲህ፣ መታዘዙንም ይለምድባታል" አሉ።

የተሳሳትነውንም ልንገራችሁ። ለአካዳሚው ማመልከት ብቻውን አይበቃም፣ የኮንግረስ ሰው ጥቆማ ያስፈልጋል፤ ይህን የማይጠይቀው የባሕር ጠረፍ ጠባቂው የኮስት ጋርዱ አካዳሚ ብቻ ነው። እኛ ለአንድ ተወካይ ጽፈን ቁጭ አልን። ለሁለቱም ሴናተሮችና ለምክትል ፕሬዚዳንቱም ማመልከት እንደሚቻል የነገረን የጎረቤት ልጅ ነው፣ ያውም ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው። 11ኛ ክፍል ሳያልቅ መጀመር ነው። ደግሞ ግሪን ካርድ አይሠራም፣ ዜጋ መሆን ግድ ነው። አንዲት ወዳጄ የዜግነት ማመልከቻዋን ዛሬ ነገ ስትል ልጇ 18 አለፈው፣ አሁን ለብቻው ተራ እየጠበቀ ነው።

የኔዋ ደህና ናት። እንጀራ ኮሎራዶ ድረስ አይደርስም፣ ድርቆሽ በፖስታ እልክላታለሁ።

የአንዲት እጩ መኮንን እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ