አሥር ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆመው ጭስ የት ነው? (ግልጽ ደብዳቤ)

በሕንድ የከሰል ኃይል ማመንጫዎችን የጭስ ደንብ ለሚያወጡት ባለሥልጣን

ክቡር ሆይ፣

ጉዳዩን ስለሚያውቁት ሰላምታውን አላረዝመውም። ማመንጫዎቹ የሚለቁት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ይጽዳ ተብሎ በግል የተጻፉት ማመልከቻዎች «ደርሶናል» ከሚል ማኅተም ሌላ ይዘው የተመለሱት የለም። ማኅተሙስ ያምራል። ከእንግዲህ ግን ሰው ሁሉ እያነበበው ይሁን።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የወጣው ደንብ ብዥታ አልነበረበትም። 500 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ነባር ማመንጫ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ጭስ ውስጥ ከ200 ሚሊግራም የበለጠ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዳይለቅ፤ ማሟያው ሁለት ዓመት። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ እስከ 2022 ተገፋ። በ2021 ማመንጫዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ተመደቡና ቀኑ እንደገና ተሸጋሸገ። በ2022 ሁለት ዓመት፣ በ2024 ማብቂያ ደግሞ ሦስት ዓመት ተጨመረ። በጁላይ 2025 ማራዘሙ ራሱ ሳይሰለቻችሁ አልቀረም፤ «ሐ» የተባሉት፣ ከመቶ 78 ያህሉ፣ ይህን ጋዝ ከጭሱ የሚያስቀር ማጽጃ ከመትከል ነጻ ወጡ። የ«ለ»ዎቹ በየተራ ይታያል ተባለ። እስከ 2027 መጨረሻ ይትከሉ የተባሉት «ሀ»ዎቹ ከመቶ 11 ገደማ ናቸው።

«ሀ» ለመባል ከዋና ከተማው ከዴሊ ክልል ወይም ሚሊዮን ሕዝብ ካለው ከተማ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። 10.1 ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ባለ 500 ሜጋዋት ክፍል በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 330 ቶን ያህል የአገሩን ከሰል ይበላል። «ሰልፈሩ ትንሽ ነው» ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ግማሽ በመቶው ግን 1,650 ኪሎ ነው፤ ሲቃጠል ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ከአመድ ጋር የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ፣ በየሰዓቱ ከ3 ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጭሱ በሰዓት ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቢሆን፣ በአንዱ ሜትር ኩብ 1,600 ሚሊግራም ይደርሳል፤ የራሳችሁ ገደብ ስምንት እጥፍ።

ይህ ጋዝ በአየር ላይ እንዳለ አይቀመጥም። በሰዓት ከመቶ ጥቂት ጥቂቱ ወደ ሰልፌት ይለወጣል፤ ከእርሻና ከከብት እበት ከሚወጣው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ ይሆናል፤ ሳንባ ድረስ የሚገባው እሱ ነው። ነፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የ10 ኪሎ ሜትር ክባችሁን በ40 ደቂቃ አልፎታል፤ ያን ጊዜ ለውጡ ገና መጀመሩ ነው። ብናኙ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚወርደው «ሐ» የሚል ወረቀት ያላየ ሰው ላይ ነው። «በከተሞቹ የተለካው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከደረጃው በታች ነው» የሚለው መከራከሪያ እርጎ የሆነውን ወተት በወተትነቱ ፈልጎ «ወተት የለም» እንደማለት ነው።

ይባስ ብሎ ነጻ የወጡት የጭስ ማውጫ ቁመት መስፈርት እንዲያሟሉ ታዘዋል። ረጅም ጭስ ማውጫ አንዲት ግራም ጋዝ አይቀንስም፤ ከፍ አድርጎ ራቅ ወዳለ ቦታ ይልካል እንጂ። በአንድ እጃችሁ ከ10 ኪሎ ሜትር ውጭ ያለው አይመለከተንም ትላላችሁ፣ በሌላው ከ10 ኪሎ ሜትር ውጭ ጣሉት ትላላችሁ።

ማጽጃው የኖራ ድንጋይ ስለሚፈልግ ካርቦን ይጨምራል ለሚለውም ሒሳቡ አጭር ነው። አንድ ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለመያዝ 1.56 ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ይበቃል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.69 ቶን ነው። ለዚያ ክፍል በሰዓት 2 ቶን ከምናምን መሆኑ ነው፤ ከሰሉ ራሱ በዚያው ሰዓት 475 ቶን ገደማ ያወጣል። ለፓምፑና ለማራገቢያው የሚሄደው ኃይል ቢታከልበትም ሁሉም ተደምሮ ሁለት በመቶ አካባቢ ነው። የሚቀረው ጀሶ ደግሞ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሆናል። ቻይና ገደቧን እስከ 35 ሚሊግራም ያወረደችው በዚሁ በኖራ ድንጋይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በዋናነት ለሜዱፒ የከሰል ማመንጫ በ2010 ከዓለም ባንክ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲወሰድ ማጽጃው በውሉ ነበረ፤ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎም ሳይተከል ቀርቷል። የእናንተን ሰነድ የሚያነቡት አገሮች ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከተሉ መገመት አያስቸግርም።

የሚያንገበግበው ግን ይህ ነው። ደንቡን አምነው ማጽጃውን የተከሉ አሉ። ዋጋውም በመብራት ታሪፍ ላይ ተጭኖ ከተጠቃሚው ኪስ ይወጣል። አሁን «ሐ» ውስጥ ያለ ማመንጫ የተተከለውን አጥፍቶ ጭሱን ማጽጃውን በሚዘልለው የማለፊያ መስመር ቢለቅ የድንጋዩንም የኤሌክትሪኩንም ወጪ ያተርፋል፤ ሳይተክል አሥር ዓመት የጠበቀው ደግሞ ሁሉንም አትርፏል። «ለጊዜው ይቁም» የሚባል ማሽን አይደለም። የኖራ ድንጋዩ ብጥብጥ ካልተማሰለ ታንኩ ሥር ይዘቅጥና ይደርቃል፣ የመርጫው አፍንጫ ይደፈናል፣ ፓምፑ ይነክሳል። ሁለት ዓመት ከቆመ ማስነሻው የአዲስ ተከላ ያህል ያደክማል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ፦ የየጭስ ማውጫው የመለኪያ ንባብ በየሰዓቱ ለሕዝብ ይውጣ፤ መለኪያው በደንባችሁ የግድ ስለሆነ አዲስ ግዢ አይጠይቅም። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ተከፍሎበት የተተከለውን ማጽጃ የማብራት ግዴታ ያለበት ማን ነው? መልሱ በቁጥርና በቀን ይሁን፤ «ደርሶናል» የሚለውስ ሞልቶናል።