ለአዲስ አበባ የቤት ጉዳይ ኃላፊዎች፦ በአንድ ፋይል አስተናግዱን

ጤና ይስጥልን።

በአንድ አሮጌ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። እድሮችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንድ ላይ ሆነው ለድሃ የሚከራይ ቤት መሥራት እንዲችሉ በአንድ ማመልከቻ፣ በአንድ ፋይል አስተናግዱን።

ዓምና ክረምቱ ሊገባ ሲል የእድራችን አባል የሆኑ አንዲት እናት የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ግድግዳው አበጠ። ጭቃ ቤት ነው፤ ምሰሶው ከሥሩ በስብሷል። እኛ እንጨትና ጉልበት አዋጣን፣ አንድ ድርጅት ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሰጠ፣ የሰፈሩ ልጆች አፈር ተሸከሙ። ሥራው ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ፈቃዱ ግን ከግንቦት እስከ ሐምሌ አጋማሽ ወሰደብን፤ እድሩም ድርጅቱም ለየብቻ ደብዳቤ ማምጣት ነበረባቸው፣ የአንዱ ሲፈረም የሌላው ጊዜው አልፏል እየተባለ እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። እኚያ እናት ሰኔን ያሳለፉት ላስቲክ ወጥረው ነው። አንጀት ይበላል። እድሳቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ድርጅት በዚያው ግቢ የጋራ ሽንት ቤት ሊሠራ መጣና ያቆምነውን ግድግዳ ሥር ቆፈረው። ማንም ክፉ አላሰበም። የሚያገናኘን ስላልነበረ ነው።

የቀበሌ ቤቶች እንዲህ ያረጁት በነዋሪው ስንፍና አይደለም። በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ኪራዩ በጣም ዝቅ ተደረገ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በዚያ ኪራይ ግን ቤት አይታደስም። ነዋሪውም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አይደፍርም። በየክረምቱ የሚደረገው እድሳት የሚመሰገን ነው፣ ግን አዲስ ቤት አይጨምርም።

ኮንዶሚኒየምስ? በ2005 ከተመዘገቡት አንዱ ነኝና ነገሩን አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው ባለቤት አድርጓል፣ እውነት ነው። 20/80 ማለት ግን 20 በመቶውን ቀድሞ መክፈል ማለት ነው። ጉልት የምትቸረችር ሴት ይህን ከየት ታመጣለች? እጣ ወጥቶላቸው እንኳ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ቤቱን አከራይተው፣ ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወደ ዳር የወጡ ብዙ ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው በአቅማቸው የሚከራዩት፣ ነገ ውጡ የማይባሉበት ቤት ነው። ይህን ደግሞ አንድ ድርጅት ለብቻው አይችለውም። አንዱ ገንዘብ አለው፣ ሌላው መሐንዲስ አለው፣ እድር ደግሞ ማን በየትኛው ጓሮ ከስንት ልጅ ጋር እንደሚያድር ያውቃል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተው ገቢውን ለዓላማቸው እንዲያውሉት ይፈቅዳል። ስለዚህ የሚሰበሰበው ኪራይ ተመልሶ ለቤቱ ጥገና ይውላል። የጎደለን መሬትና ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚይዝልን አንድ ባለሙያ ነው።

ለሙከራ አንድ ቦታ ስጡን። ብትችሉ እዚሁ ሰፈራችን አቅራቢያ ይሁን፤ አረጋውያኑን ከእድራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከመስጊዳቸው ለይተን ሁለት ታክሲ በሚያስይዝ ቦታ ብናሰፍራቸው የሚጠይቃቸው ሰው ያጣሉ። ድርጅቶቹን ለመሰብሰብ እኛ ዝግጁ ነን። ቀኑን ብቻ ንገሩን፤ የእድሩን መዝገብ ይዘን እንመጣለን።