ለጅማ ከተማ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ግልጽ ደብዳቤ፦ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ መለኪያ አይቀየር

ጉዳዩ፦ የሞተር ሳይክል ውድድር የቴክኒክ ደንብን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በከተማችን ለሚካሄድ የሞተር ሳይክል ውድድር ፈቃድ ስትሰጡ አንድ ቅድመ ሁኔታ እንድታያይዙበት እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ዙር ከተሮጠ እስከ መጨረሻው ድረስ የቴክኒክ ደንቡም ሆነ ደንቡ የሚለካበት መንገድ እንዳይነካ ነው። ሁለተኛውን አጥብቀን የምንይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩ ባለበት ቆይቶ አለካኩ ብቻ ሲቀየር ደንብ የተለወጠ የማይመስለው ብዙ ነው።

በ2003 በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር የሆነው ይኸው ነው (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የፊት ጎማ ስፋት ከ270 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር፤ የሚለካውም ጎማው አዲስ ሳለ ነበር። የሃንጋሪው ውድድር አልቆ ሦስት ብቻ ሲቀሩ፣ የውድድሩን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ማኅበር ፊያ ከሩጫ በኋላም እለካለሁ አለ። ጎማ በሩጫ እየተበላ ሲሰፋ ከልኩ ሊያልፍ ይችላልና፣ ጎማ ሠሪው ሚሽሊን በጥድፊያ ሌላ የፊት ጎማ ሠራ። በተቀናቃኙ በብሪጅስቶን ጎማ የሚሮጠው ሚካኤል ሹማከር ቀጣዮቹን ሁለት ውድድሮች አሸነፈ፤ ዋንጫውንም በሚሽሊን የሚሮጠውን ኪሚ ራይኮነንን በ2 ነጥብ ብቻ በልጦ ወሰደ። ጎማው ነው ወይስ ሰውዬው? መልሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ 270 የሚለው ቁጥር ግን አንዲት ሚሊሜትር አልተነቃነቀም።

ነገሩን ወደ ጅማ ጋራዥ እናምጣው። ቦክሰር 150 የተባለው ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 58.8 ሚሊሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ይዘት ሲሰላ 144.8 ሲሲ ይመጣል። ሲሊንደሩ ሲበላ ሬክቲፊካ ይገባል፤ ማለትም ውስጡ ተልጎ ይሰፋና ፒስቶኑ በትልቅ ይተካል። በ0.75 ሚሊሜትር በሚበልጥ ፒስቶን 148.7 ሲሲ ይሆናል። በ1.00 ሲሆን ግን 150.04 ሲሲ ነው። ደንቡ «እስከ 150 ሲሲ» ካለ ይህ ሞተር ከአንዲት ጠብታ ውኃ ባነሰ ልክ ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው። ባለቤቱ ያጭበረበረው ነገር የለም፤ ሞተሩ አርጅቷል እንጂ። በመጀመሪያው ዙር በፋብሪካ መጠኑ ተመዝግቦ ያለፈ ሞተር፣ በሦስተኛው ዙር አንድ ዳኛ «ሲሊንደሩን ከፍቼ እለካለሁ» ቢል ይወድቃል። የተላገ ብረት ደግሞ አይመለስም። አዲስ ሲሊንደር ከነፒስቶኑና ከነፋሻው (ከፒስቶኑ ቀለበቶች ጋር) መግዛት፣ ከዚያም ሮዳጁን፣ ማለትም አዲሱ ዕቃ እስኪላመድ ቀስ ብሎ መንዳቱን፣ ማስጨረስ የግድ ነው። ሮዳጅ ሳይጨርስ ሙሉ ነዳጅ የተሰጠው ሞተር ፒስቶኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

ሙቀቱም አለ። ከሩጫ እንደወጣ፣ ከቀዝቃዛው በ60 ዲግሪ የሞቀ የብረት ሲሊንደር በስፋቱ 0.04 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ከላይ በጠቀስነው ሞተር ላይ ወደ 0.2 ሲሲ ይጠጋል። ስለዚህ አንዱን ዙር በቀዝቃዛ፣ ሌላውን በትኩስ መለካት ራሱ ደንብ መለወጥ ነው።

ከዚህ የሚብሰው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው የካርቡራተር ነገር ነው። በዙር መካከል «ከ26 ወደ 22 ሚሊሜትር ይጥበብ» ቢባል አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የገጽ ስፋት በ28 በመቶ ይቀንሳል። ሥራው ካርቡራተር በመለወጥ አያበቃም። ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ፣ ዋናው ጂግለር፣ አብሮ ይቀየራል፤ ሞተሩ ጉልበት የሚሰጥበት የመሽከርከር ፍጥነት ዝቅ ስለሚል የኋላው የካቴና ጥርስም እንደገና ይመረጣል። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ ከሳጥን የወጣ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም ሲጎትቱት ይንተፋተፋል። በተቃራኒው ቤንዚኑን አለቅጥ ያሳነሰ ሰው ካንዴላው ይነጣል፣ ከከፋም ፒስቶኑ ይበሳል። ትክክለኛውን ለማግኘት ጂግለር እየቀያየሩ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ድንገት እያጠፉ የካንዴላውን ቀለም ማንበብ ያስፈልጋል። ጂግለሩ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሱማሌ ተራ የሚመጣ ከሆነ፣ እዚያ ቤተሰብ ያለው በማግሥቱ ያስልካል፤ የሌለው ዙሩ ያልፈዋል። ዋንጫው እዚህ ላይ ይወሰናል።

ለአደጋ ጉዳይ ልዩ በር ይኑር፤ ይህን አንከራከርም። በ2013 በፎርሙላ ዋን፣ በእንግሊዙ ሲልቨርስቶን፣ የበርካታ መኪኖች ጎማ በሩጫ ላይ ሲፈነዳ፣ ከሃንጋሪው ውድድር ጀምሮ የጎማው አሠራር እንዲለወጥ መደረጉ ተገቢ ነበር፤ ምንም እንኳ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሴባስቲያን ፌትል ከቤልጂየም እስከ ብራዚል ዘጠኙንም ውድድር ቢያሸንፍም። ነገር ግን «ለደኅንነት» የሚለው ቃል ለሁሉም በር ቁልፍ እንዳይሆን፣ ምን እንደተሰበረና ለምን እንደተሰበረ በጽሑፍ ይገለጽ።

የግድ መለወጥ ካለበት ደግሞ ፎርሙላ ዋን በ2025 የሄደበት መንገድ ይሻላል። የመኪናው የፊት ክንፍ በ100 ኪሎ ጭነት ሲፈተን የሚፈቀደው መታጠፍ ከ15 ወደ 10 ሚሊሜትር እንደሚወርድ ውድድሩ ሳይጀመር በጥር ተነገረ፤ የተተገበረው በሰኔ መጀመሪያ በስፔን ነው። በወራት የተቀጠረ ለውጥ ማንንም አይጥልም፤ በስፔንም ቀድሞ ሲመራ የነበረው የማክላረን ቡድን አንደኛና ሁለተኛ ወጣ።

ደንባችሁ ውስጥ ይህ እንዲሰፍርልን እንፈልጋለን። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይከፈት። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም ሁለት ጊዜ በመስቀለኛ ይለካ። የፒስቶኑ ምልልስ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ይለካ። ስፋት ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በምልልስ፣ ሲባዛ በ0.7854 ተሰልቶ በሁለት ቅጂ ይፈረም። የሬክቲፊካ ጭማሪ እስከ ስንት እንደሚፈቀድ በሚሊሜትር ይጻፍ፤ እኛ 1.00 እንላለን፣ ያረጁ ሞተሮች ብዙ ናቸውና። ከዚያ የቴስታታው ቡሎኖች በሽቦ ታስረው በእርሳስ ይታሸጉ። እሽጉ ያልተነካ ሞተር እስከ መጨረሻው ዙር ዳግም አይከፈት። የካርቡራተሩ አፍ ደግሞ በየዙሩ በአንድ ቀለበት ይፈተን፤ ቀለበቱ ተሠርቶ በጽሕፈት ቤታችሁ ካዝና ይቀመጥ እንጂ በአንዳችን ጋራዥ፣ የእኛም ቢሆን፣ አይደር።

ከሰላምታ ጋር
በጅማ ከተማ የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያዎች