ስለ ሰባተኛ ክፍል የከተማ ጉብኝት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የፈተና ውጤት ዓርብ በልጆቹ እጅ ይላካል፤ የሰርቪስ ክፍያ ያላጠናቀቃችሁም ሂሳብ ክፍል ብቅ በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በመጪው ሳምንት ሐሙስ አዲስ አበባን ሊጎበኙ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ከተላከ ሰነባብቷል። ተፈርሞ የተመለሰው ግን ግማሹ እንኳ አይሆንም። በምትኩ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ በክርክር ተሞልቷል። ሁሉንም አንብቤያለሁ። አንዳንዱ አስቆኛል። ስለ ሌላው ዝም ማለት ይሻላል።

በብዛት የተነሳው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ አዲስ አበባን ምን ብሎ ይጎበኛል?»

በትህትና ልመልስ። ልጆቻችን ያደጉት አያት ነው። የሚያውቋት አዲስ አበባ ቤታቸው፣ ትምህርት ቤታቸው፣ የዘመድ ቤትና መገናኛ አካባቢ ያሉት ሞሎች ናት። ባለፈው ሰሞን ክፍል ገብቼ «ብሔራዊ ሙዚየም የገባ እጁን ያውጣ» ብዬ ነበር። ጥቂት እጆች ወጡ። አንደኛው ልጅ ያወጣው ሽንት ቤት ለመሄድ ነበር።

ከውጭ የሚመጣ እንግዳ እኮ ቦሌ ባረፈ በማግስቱ ድንቅነሽን ያያል። እንጦጦ ወጥቶ ከተማዋን ከላይ ይቃኛል። መርካቶ ገብቶ ዋጋ ይከራከራል፤ ማታ የባህል ምግብ ቤት ገብቶ እስክስታ ይሞክራል። የእኛ ልጅ ደግሞ ለገና ከሜሪላንድ የመጡ የአክስቱ ልጆች «ከተማህን አሳየን» ቢሉት በርገር ቤት ወሰዳቸው። ይህን የነገረችኝ እናቱ ነች፣ እየሳቀች። እኔም አብሬ ስቄ ቢሮዬ ገባሁና የጉብኝቱን ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ብር ነው። 950 ብር በዝቷል ተብሏል። የሙዚየም መግቢያ ለተማሪ ብዙ አይደለም፤ ብሩን የሚበላው የአውቶቡስ ኪራይ ነው። የነዳጅን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። ትምህርት ቤቱ ከዚህ አንድ ብር አያተርፍም። ደረሰኞቹን ማየት የሚፈልግ ወላጅ ቢሮ ይምጣ፣ ሻይ ጋብዤ አሳየዋለሁ። በነገራችን ላይ ለባህል ቀን የአገር ልብስ ኪራይ፣ ለፈንዲሻና ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ ስታወጡ አንድም ሰው ግሩፑ ላይ አልጻፈም። የባህል ቀኑ ደስ ይላል። ግን ልጁ የለበሰው ልብስ የየት አገር እንደሆነ ስጠይቀው «እማዬ ናት የተከራየችው» ነው ያለኝ።

«በዚሁ ብር ቢሾፍቱ ውሃ ፓርክ አይሻልም?» ያላችሁም አላችሁ። ልጆቹ እንዲዝናኑ እኔም እፈልጋለሁ። ውሃ ፓርክ ግን ክረምት ላይ እናንተ ራሳችሁ ትወስዷቸዋላችሁ። «ሙዚየሙንም እኛ እንወስዳቸዋለን» እንዳትሉኝ ብቻ። በቅንነት እንደምትሉት አውቃለሁ። ልጁ 13 ዓመት ሆኖታል፤ መቼ ነው የምትወስዱት?

ለመሆኑ ምን ያያሉ? አውቶቡሱ በመገናኛና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ አራት ኪሎን አልፎ ስድስት ኪሎ ይወጣል። መጀመሪያ የምንገባው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ቤቱ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። መኝታ ክፍላቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ዛሬም ይጎበኛል። የሙዚየሙ ዕቃ የተደረደረው በብሔር ወይም በክልል አይደለም፤ እንደ ሰው ዕድሜ ነው። ከልደትና ከልጅነት ጨዋታ ይጀምራል፣ በአደን፣ በእርሻና በእምነት በኩል አልፎ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ላይ ያበቃል። ልጆቹ የልጅነቱ ክፍል ላይ እንደሚቆዩብን ከወዲሁ ይታየኛል።

ከሕንጻው ውጭ ደግሞ ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። የሠራው ጣሊያን ነው። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሥልጣን ላይ የቆዩበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ ስንት ሰዓት አስተምሬ የማላስረዳውን ይህች ደረጃ በሁለት ደቂቃ ታስረዳለች።

አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። ታች አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። በ1929 የተጨፈጨፉት ከላይ፣ የ1933 ድል ከታች፤ በመሀላቸው በእግር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ አስተምረናል። ፈተና ላይ ግን ቀኖቹን የሚያቀያይረው ተማሪ ብዙ ነው። ሐውልቱ ሥር ቆሞ የተቀረጹትን ምስሎች በዓይኑ ያየ ልጅ የሚያቀያይራቸው አይመስለኝም።

ቀጥሎ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። «እዚያ ያለችው ድንቅነሽ ኮፒ ናት» ብሎ የጻፈ አባት አለ። ልክ ነው፤ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል። ታዲያ ኮፒውንስ ልጅዎ አይቶታል? በ1967 አፋር ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ። ልጆቹ አጠገቧ ሲቆሙ ሁሉም ይበልጧታል። ዋናው አጥንት በ1999 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሂዩስተን ላይ ሲታይ ሰው ትኬት ገዝቶ ነበር የሚገባው። እኛ ጋ ታክሲ በሚደርስበት ቦታ ናት፤ እሱም በዝቶብናል።

«ዩቲዩብ ላይ አለ» ላላችሁት መልስ የለኝም። ዶሮ ወጥም ዩቲዩብ ላይ አለ።

መጨረሻ ፒያሳ፣ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። እዚህ ላይ አንዳንድ ወላጆች የሚያስቡትን ሳትናገሩት አውቀዋለሁ። በታሪክ ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት አመለካከት የለንም፤ መምህራኖቼም እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ለልጆቹ የሚነገራቸው ግን ውጊያው የት፣ መቼና በማን መካከል እንደተካሄደ ነው። ማታ ቤት ሲመጡ የራሳችሁን ጨምሩበት፤ ልጁ ግን መጀመሪያ ይየው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በተመለከተ «ለዕድሜያቸው ይከብዳል» ብላ የጻፈችውን እናት አመሰግናለሁ። ሙዚየሙ ግን ዕቅዱ ውስጥ የለም፤ እንደማንሄድ የተላከው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ ቢነበብ ጥሩ ነበር።

ጉብኝቱ ከፈተናም ጋር አይጋጭም። ቀኑን የመረጥነው ካሌንደር አይተን ነው። ለእያንዳንዱ 15 ተማሪ አንድ መምህር አብሮ ይሄዳል። በየጣቢያው ስም ይጠራል። ልጆቹ በሙሉ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ይለብሳሉ፤ ሙቀት ነው የሚል ክርክር አልቀበልም።

አውቶቡሱ ከግቢ የሚነሳው ጠዋት 1:30 ነው። ምሳ በምሳ ዕቃ፣ ውሃ በኮዳ፣ የኪስ ብር ከ100 አይበልጥ። ስልክ ቤት ይቀራል። «ልጄን በምን አገኘዋለሁ?» ለምትሉ፣ የሦስት መምህራን ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ አለ። እባካችሁ በየሩብ ሰዓቱ አትደውሉ።

ወረቀቱን እስከ ማክሰኞ ፈርማችሁ መልሱ። የጠፋባችሁ ጽሕፈት ቤት ሌላ ኮፒ ይሰጣችኋል። ልጃችሁን የማትልኩ ከሆነም «አልልክም» የሚለው ላይ ፈርሙና ላኩልን። ስንት አውቶቡስ እንደምንከራይ ማወቅ ስላለብን ዝምታ መልስ አይሆነንም። አቅም ያልፈቀደለት ወላጅ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ፤ በብር ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም።

ተጨማሪ ጥያቄ ያላችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9:00 እስከ 10:30 ቢሮዬ ክፍት ነው። ግሩፑ ላይ የሚጻፈውን ከዛሬ ጀምሮ አልመልስም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ